ጌሾዬ ጆንያ ውስጥ ሻገተብኝ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ዳር ስንዴ ከሚያመርቱ እናት ነው። ጓሯቸው ውስጥ 6 እግር ጌሾ አለ። «አምና ከነእንጨቱ ቆርጬ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና በጆንያ አስቀመጥኩት። ለፋሲካ የስንዴ ጠላ ልጠነስስ ስከፍተው ሻግቷል። አራግፌ ጨመርኩት፤ ጠላው ተበላሸ። ዘንድሮ የቱን ልቁረጥ፣ እንዴትስ ላስቀምጥ? ልጄ ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙበትን ሆፕስ እንትከል እያለ ያስቸግረኛል» ይላሉ።

እናቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን እንገላግለው። ሆፕስ ሐረግ ነው፣ ቢራ ውስጥ የሚገባውም አበባው ነው። በደንብ የሚያብበው እንደ ጀርመንና ቼክ ባለ፣ በበጋ ቀኑ በጣም በሚረዝምበት አገር ነው። አዳማ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርዎን አያባክኑ፣ ጓሮዎ ያለው ጌሾ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ሻጋታው። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። ቅጠሉና እንጨቱ አብረው ጆንያ መግባታቸው ነው። ቅጠሉ በሁለት ቀን ደረቀ ብለው ያስባሉ፣ በእጅ ሲነካም ይንኮሻኮሻል፣ እንጨቱ ግን ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ጆንያው ሲታሰር ያ እርጥበት ወጥቶ የደረቀውን ቅጠል መልሶ ያርሰዋል። ከዚያ ሙቀቱ ሲጨመርበት ሻጋታ ምን ይፈልጋል ሌላ?

ስለዚህ በቆረጡበት ቀን ይለዩት። ቅጠሉ ለብቻ፣ እንጨቱ ደግሞ ተቆራርጦ ለብቻ። ሲመርጡ ጥቁር አረንጓዴ የሆነውንና የሚያብረቀርቀውን የበሰለ ቅጠል ይውሰዱ፣ ቢጫ የሆነውንና ነጠብጣብ ያለበትን ይተዉት። ጠዋት ጤዛው ከጠፋ በኋላ ይቁረጡ። ማድረቂያው ፀሐይ ሳይሆን ነፋስ የሚገባበት ጥላ ይሁን፣ ምክንያቱም ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስድበታል። ነፋስ እንደሆነ አዳማ አያጣም፣ ተርባይን የተተከለበት አገር ነው! ችግሩ አቧራው ነው፤ ስስ ሻሽ ጣል ያድርጉበት። በቀን አንዴ ያገላብጡት፣ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት። ቅጠሉ በመዳፍ ሲታሽ ድቅቅ ካለ ደርቋል። እንጨቱ ደግሞ ሲሰበር «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ከተለመጠ ይቆይ።

ማስቀመጫው ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ መሬትና ግድግዳ ሳይነካ ቆጥ ላይ ወይም ተንጠልጥሎ። ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ የወጡ እንፋሎት የሚሄደው እዚያው ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው ጀሪካን ወይም ቆርቆሮ የሚሆነው በደንብ የደረቀ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አስቀድመው አይውቀጡት። የተወቀጠ ጌሾ ሽታውን ቶሎ ይለቃል። ቅጠሉን እንዳለ ያስቀምጡና በጥንስሱ ቀን ብቻ ይውቀጡት። ገበያ የሚሸጠውን የተፈጨም አልመክርም፣ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

የስንዴ ጠላ ለዘብ ያለ ስለሆነ ምሬቱ ጎልቶ ይወጣል። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ጌሾውን ይቀንሳሉ። በሙቀት ወራት ይህን አያድርጉ፤ ጌሾ ለምሬት ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ጠላውን ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ያግዛል። ጋኑንም ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ያስቀምጡ።

አምና የሻገተው ከተረፈ አውጥተው ይጣሉት። ማራገፍም ማጠብም መልሶ ማስጣትም ሻጋታው የተወውን መርዝ አያስወጣም። ለከብትም አይስጡት።