አንዷ ታውርድ፣ ሁለቱ ይካፈሉ

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ያላት እህት ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ ባጭሩ ይኸው፦ «አንድ ላፕቶፕና ሁለት ዴስክቶፕ አለኝ፤ ሦስቱም ዊንዶውስ 11 ናቸው። ኢንተርኔቱ ከስልኬ በሆትስፖት ነው። ለወር ብዬ የገዛሁት ጥቅል በ4 ቀን ያልቃል፤ እኔ ደግሞ ከኢሜይልና ከቴሌግራም ሌላ የምከፍተው የለኝም። አንድ ልጅ አፕዴቱን ጨርሰሽ ዝጊው አለኝ። ልዝጋው?»

አትዝጊው።

ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም። እኔም ጥገና ስጀምር ለመጣው ሁሉ እንደዚያ ነበር የማደርገው። የአፕዴት ሰርቪሱን ገብቼ እዘጋና «በቃ ተገላገልክ» ብዬ እሸኛለሁ። ከወራት በኋላ ያው ሰውዬ ያንኑ ማሽን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ቫይረስ ገብቶበት ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። የዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ማለትም አብሮት የሚመጣው ፀረ ቫይረስ፣ የቫይረስ መለያውም የሚመጣው በዚያው በር ነዋ። በሩን ስዘጋ እሱንም አብሬ ዘግቼበታለሁ። ያንቺ ቤት ደግሞ ከሌላው ይብሳል። መመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሹን የት የት ሲሰካ እንደከረመ ማን ያውቃል?

ወደ ዳታሽ ልምጣ። ዊንዶውስ ዋይፋይ ካየ ነፃ ያገኘ ነው የሚመስለው። ከጀርባው ያለው ያንቺ ስልክ እንደሆነና በሜጋ የሚቆጠር ጥቅል እንዳለሽ አያውቅም። ስለዚህ ሆትስፖቱን ስትከፍቺ ሦስቱም ማሽኖች እኩል ይነሱና አንዱን ፋይል ሦስት ጊዜ ያወርዱታል። አፕዴቱ 1 ጊጋ ነው ብንል 3 ጊጋ ሄደ ማለት ነው። ቡና እኮ አንዷ ቤት ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል እንጂ ሦስት ቤት በየራሱ አይቆላም። መፍትሔውም ይኸው ነው፤ አንዷ ታውርድ፣ ሁለቱ ከእሷ ይውሰዱ፣ ቀኑን ደግሞ አንቺ ምረጪ።

በመጀመሪያ ሦስቱንም አስሪያቸው። ሴቲንግስ ግቢ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ከዚያ የተገናኘሽበትን ሆትስፖት ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። እዚያ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚል አለ፤ አብሪው። ይህ ማለት «ይሄ መስመር በቆጠራ ነው» ብሎ ለማሽኑ መንገር ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን አፕዴት ሳትጠይቂው አያወርድም፤ ፋይልሽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭም ካለሽ መላኩን ያቆማል። በዚያው ወደ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቢና በሜተርድ መስመርም አውርድ የሚለው መጥፋቱን እዪ። እሱ በርቶ ከሆነ የላይኛው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሜተርድ የሚያዘው በመስመሩ ስም ነው። ስልክ ከቀየርሽ፣ ወይም የሆትስፖቱን ስም ለውጠሽ ሌላ ካደረግሽው፣ ዊንዶውስ አዲስ መስመር ነው ይልና እንደገና በነፃነት መጠጣት ይጀምራል። «አንተ የሠራኸው ሁለት ሳምንት ሠርቶ ተበላሸ» ብለው የሚመጡት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ ወንድም የራሱን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ሰጥቷቸው ነው።

ማሽኖቹ ከታሰሩ በኋላ ዲፌንደሩ እንዳይራብ አንቺው በእጅሽ አብይው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ግቢና አፕዴት ፈልግ በይው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ሥራ ሲበዛ በየቀኑ። ይሄ ከወርሃዊው አፕዴት በጣም ያነሰ ስለሆነ አትሳሺበት።

ወርሃዊው ዋና አፕዴት ደግሞ ቀኑ ይታወቃል። ማይክሮሶፍት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር 2ኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ላይ ይወድቃል፣ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዛውሩ። ያን ማታ አትሩጪ። እኔ ለራሴ ማሽን እንኳ እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ አፕዴቱ ራሱ ችግር ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ዓለም ይሞክረውና ይጩህ። በሰኔ የተማሪ ግርግር ጊዜማ እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ላይ እስከ 5 ሳምንት ማቆም ትችያለሽ፤ ያኔ ደንበኛ ቆሞ ሳለ ሪስታርት ልሁን አይልሽም። 5 ሳምንቱ ካለቀ ግን እንደገና ለማቆም መጀመሪያ የተጠራቀመውን መጫን ግድ ነው።

እንግዲህ የማካፈሉ ነገር። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል፤ ያለው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ነው። በሦስቱም ማሽን አብሪውና «በአካባቢዬ ኔትወርክ ያሉ ማሽኖች» የሚለውን ብቻ ምረጪ። ከሱ ሥር «ኢንተርኔት ላይ ያሉም» የሚል አለ፤ እሱን እንዳትነኪው፣ በአንቺ ጥቅል ለማታውቂው ሰው ፋይል መላክ ይሆናል። ከዚያ ላፕቶፗን አንሺና ፋይበር ያስገባ ዘመድ ቤት ወይም ካፌ ሂጂ። እኔ አጂፕ አካባቢ ነው የምቀመጠው፤ ሁለት ማኪያቶ እስክጠጣ ብዙ ጊዜ ያልቃል። አውርዳ ስትጨርስ ሱቅ ተመለሺ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ሆትስፖቱ ላይ አገናኛት። አሁን ሜተርዱን ከሦስቱም ላይ አጥፊ። ይሄን አትርሺ፤ ሜተርድ በርቶ ሳለ ማሽኖቹ አይካፈሉም። ከዚያ አንዱን ዴስክቶፕ ብቻ አፕዴት ፈልግ በይው።

መካፈሉን ለማወቅ እዚያው «አክቲቪቲ ሞኒተር» የሚል አለ። ስንቱ ከማይክሮሶፍት፣ ስንቱ ከጎረቤት ማሽን እንደመጣ በፐርሰንት ያሳይሻል። ከጎረቤት የሚለው እየጨመረ ከሆነ ሁለተኛውንም ልቀቂው፤ ሲጨርሱ ሜተርዱን በሦስቱም ላይ መልሰሽ አብሪው። ዜሮ ላይ ከተገተረ ግን ቶሎ አቁሚው፣ ዳታሽን እየበላ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ወይ የዊንዶውሶቹ ቨርዥን ይለያያል፣ ወይ የአንዱ ራም ከ4 ጊጋ ያንሳል፣ ወይ ስልክሽ ሆትስፖቱ ላይ ያሉትን እርስ በርስ አያገናኝም፣ ወይ ዘግይተሻል። ላፕቶፗ ያወረደችውን ለማካፈል የምታስቀምጠው ለ3 ቀን ያህል ነው። ቅዳሜ አውርደሽ ረቡዕ ብትሞክሪ የለም።

ጨርሶ እምቢ ካለ የድሮው ዘዴ አለ፣ ፍላሽ። የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ የሚባል ገጽ አለ። የአፕዴቱን ቁጥር፣ ኬቢ ብሎ የሚጀምረውን፣ ጽፈሽ ፈልጊና ለማሽንሽ የሚሆነውን ባለ 64 ቢቱን አውርደሽ በፍላሽ ወደ ዴስክቶፖቹ ውሰጂ። ከአንድ በላይ ፋይል ካወጣልሽ ሁሉንም አውርጂ። ይሄኛው ፋይል ሙሉ ስለሆነ ማሽኑ ራሱ ከሚያወርደው ሊከብድ ይችላል፤ በሆትስፖት አትሞክሪው፣ ካፌው ጋ ጨርሺው።

ስለ ፍጥነት ደግሞ፣ «ተሰቅሏል» ከማለትሽ በፊት ሂሳቡን ሥሪ። መስመርሽ 1 ሜጋ ቢት ከሆነ አንዷን ሜጋ ባይት ለማውረድ 8 ሰከንድ ይፈልጋል፤ 2 ጊጋ ማለት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ያውም ሳይቆራረጥ። ቢቆራረጥም አትደንግጪ። ዊንዶውስ ሲያወርድ መስመር ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን የሚባለውን ፎልደር አጥፊው፣ ይስተካከላል» የሚልሽን ሰው ቶሎ አትስሚው። በግማሽ የወረደው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የአንድ ደንበኛ ማሽን 90 ፐርሰንት ደርሶ ዘገየብኝና ያን ፎልደር አጽድቼ ከዜሮ አስጀምሬበታለሁ፤ ዳታው የሱ ስለነበር የጥገናውን ዋጋ ትቼለት ነው የተለያየነው። ያ ፎልደር የሚጸዳው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው።

መብራትን አስቢበት። ማውረዱ ቢቋረጥ ችግር የለውም፤ መጫኑ ግን፣ ያ «አታጥፉ» የሚለው ስክሪን፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድበት ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል። የጅማ ዝናብ እንደሁ ክረምት በጋ አይልም፤ ነጎድጓድ ከጀመረ ሪስታርቱን ለነገ ተይው። ላፕቶፗን ባትሪዋ ሞልቶ፣ ዴስክቶፖቹን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው) ካለሽ በዩፒኤስ፣ ከሌለሽ ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ።

ስልክሽንም እዪው። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ፕሪፈረንስ ግቢና አፖቹ በራሳቸው አፕዴት እንዳያደርጉ ዝጊ፤ እሱን መዝጋት እንደ ዊንዶውሱ አይጎዳሽም፣ ካፌው ጋ ስትሄጂ በእጅሽ ታደርጊዋለሽ። ቴሌግራም ላይም ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ግቢና በሞባይል ዳታም በዋይፋይም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አድርጊ፤ በዴስክቶፖቹ ላይ ያለውንም ቴሌግራም ጭምር። ከኢሜይልና ከቴሌግራም ሌላ አልከፍትም ብለሽኛል አይደል? ቴሌግራም ብቻውን ምን እንደሚበላ ብታውቂ አፕዴቱን እንዲህ ባላማሽው ነበር።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ጥቅሉ አሁንም በ4 ቀን ካለቀ፣ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን በሦስቱም ላይ ክፈቺና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።