የጥናት ማስረጃና አገር በቀል ድርጅቶቻችን፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ በጤናና በማኅበራዊ ድጋፍ በሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች፣ በክትትልና ግምገማ ክፍል ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ድርጅቶቻችን የምርምር ውጤትን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቱላ በኩል ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር የምንሠራ ትንሽ ድርጅት ነን። ጥናት ፈልገን ስናገኝ “ክፈሉ” ይለናል። ምን ይሻላል?

አትክፈሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል አገልግሎት አለ። የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ነው። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። የሚመዘገበው ተቋም ስለሆነ በድርጅታችሁ ስም አመልክቱ። በአንድ ርዕስ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነውን የኮክሬን ቤተ መጻሕፍትም ከዚሁ ሆናችሁ በነፃ ታነባላችሁ። ጊዜ ካጠራችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ለባለሙያ ላልሆነ ሰው በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ማጠቃለያ አለው።

ጥያቄ፦ እኛ ማስረጃ እንጠቀማለን፤ ፕሮፖዛላችን በቁጥር የተሞላ ነው። ታዲያ ጉድለታችን ምኑ ላይ ነው?

ጊዜው ላይ ነው ወንድሜ። በብዙ ቢሮ የማየው እንዲህ ነው፦ የለጋሽ ጥሪ ይወጣል፣ የሚሠራው ሥራ ይወሰናል፣ በጀት ይሠራል፤ ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል አንዱን ባለሙያ “እስቲ መግቢያው ላይ የሚገባ ጥናት ፈልግ” ይሉታል። ያኔ የሚቃረን ጥናት ቢገኝ እንኳ በጀቱን ደፍሮ የሚነካ የለም።

ከመግቢያችን የማይጠፋውን ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው ይላል። አገራዊ ቁጥር ነው። ጥናቱ ሲካሄድ ሲዳማ ዞን ነበር፤ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ናሙናው የተወሰደው ደግሞ በክልል ደረጃ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጥናት ወስደን “የሲዳማ” ብለን የምንጽፈው የቀድሞውን የደቡብ ክልል ቁጥር ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ቁጥሩ ችግሩ መኖሩን ቢነግረንም የመረጥነው መፍትሔ ስለመሥራቱ የሚለን ነገር የለም።

መቀንጨርን ለመቀነስ ስንጽፍ መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ እናስገባለን። ይህንኑ ተመራማሪዎች መንደሮችን በዕጣ እየመደቡ በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ፈትሸውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ወጥቷል። ሦስቱም ጋ ውሃና ንጽሕናው ብቻውን የሕፃናቱን እድገት አላሻሻለም። ተጨማሪ ምግብና የአመጋገብ ምክር ያገኙት መጠነኛ መሻሻል አሳዩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ከምግቡ ብቻ አልበለጠም። ተቅማጥ ባንግላዴሽ ላይ ቀነሰ፤ ኬንያና ዚምባብዌ ላይ አልቀነሰም።

መጸዳጃ አትሥሩ እያልኩ አይደለም፤ ንጹሕ ውሃ በራሱ ለሰው ይገባል። ነገር ግን “መቀንጨርን እንቀንሳለን” ብለን የተቀበልነው ገንዘብ በሙሉ ወደዚያ ከሄደ፣ ልጇን አዝላ ለምትመጣው እናት የማንፈጽመውን ቃል ሰጥተናል ማለት ነው። ይህ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ የባንግላዴሽና የኬንያ ጥናት ለእኛ ምን ያደርግልናል? አገሩ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ።

ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን የእምብርት ቅባት እንውሰድ። ኔፓል ውስጥ ተሞክሮ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት ቀነሰ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። በኋላ በዛምቢያና በታንዛኒያዋ ፔምባ ደሴት ሲሞከር በሞት ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እምብርት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ፣ ቅባቱ ጎጂ ነገር የመቀባት ልማድ በተስፋፋበት ቦታ ብቻ ይሰጥ አለ። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን “እዚያ የሠራው ምን ስለነበረ ነው? ያ ነገር እኛ ጋ አለ ወይ?” ብለን ነው። በአገራችን እምብርት ላይ ቅቤ የሚቀቡ እናቶች አሉ። እናንተ በምትሠሩበት ቀበሌስ? ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከአራስ እናቶች ጋር ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ጠይቁ። የውጭው ጥናት የሚጠቅመው ይህን የአካባቢ እውቀት ስታክሉበት ነው።

ጥያቄ፦ ወጣቶች ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲቀጠሩ እንረዳለን። ሥራ ማስገኘቱ በቂ አይደለም?

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ቀጣሪ ኩባንያዎች ወደ 1000 የሚጠጉ ሥራ አመልካቾችን በዕጣ ከፍለው አጥንተዋል። ለአንዱ ቡድን ሥራው፣ ለሌላው መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ተሰጠ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በዓመቱ ሥራ የቀረበላቸው ገቢያቸው አልጨመረም፤ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል፤ የጤና ችግርም በዝቶባቸዋል። ገንዘብ ያገኙት ገቢያቸው አደገ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እኛ ሪፖርት የምናደርገው የቅጥሩን ቀን ነው። በስድስተኛው ወር ደውሉላቸው፤ በዓመቱም ድገሙ።

ጥያቄ፦ ለግምገማ ብር ብንመድብ “አስተዳደራዊ ወጪ” አይባልብንም?

ይህ ከቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ከአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የቀረ ፍርሃት ነው። ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይዋል በሚለው የ70/30 መመሪያ ለክትትልና ለሥልጠና የሚወጣ ብዙ ወጪ አስተዳደራዊ ተብሎ ይያዝ ነበር። እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ አስተዳደራዊ የሚለውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። ግምገማውን በፕሮጀክቱ ዕቅድ ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ አጥኚ መቅጠር አንችልም። በራሳችን ምን ማውጣት እንችላለን?

መዝገባችሁን ክፈቱ። በሠራሁበት አንድ ድርጅት የምግብ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት እንከታተል ነበር። በየወሩ የምንልከው ሪፖርት የታዩትን ብዛት ብቻ ይጠይቃል። ነርሷ ግን መዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ትጽፍ ነበር፦ “ቀረች”፣ “ታማለች”፣ “ገበያ”። ጠርዙን ከቀጠሮ ቀኖቹ ጋር ስናስተያየው በብዛት የሚቀሩት ቀጠሯቸው ገበያ ቀን ላይ የዋለ እናቶች ሆነው ተገኙ። ቀኑን ቀየርነው። “የቀረችበት ምክንያት” የሚል አንድ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ጨምሩ፤ በወር አንድ ጊዜ ከነርሷ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ለጋሹ የሚፈልገው ሌላ፣ ማስረጃው የሚለው ሌላ ሲሆንስ?

ውል ሳይፈረም በአንድ ገጽ ጻፉለት፦ ጥናቱ ያገኘውን፣ የእኛ ቀበሌ ሁኔታ ምን እንደሚመስል፣ በዚያው ገንዘብ ምን ቢሠራ እንደሚሻል። ይህ የመጨረሻው ከጎደለ ደብዳቤው ቅሬታ ሆኖ ይቀራል። እምቢ የሚል ለጋሽ አለ። እምቢ ካለም ከበጀቱ ትንሽ ክፍል ወስዳችሁ በሁለት ቀበሌ ሌላውን መንገድ ለመሞከር ፈቃድ ጠይቁ፤ ያያችሁትንም ከሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጋር አያይዙለት።