ወንድሜ ወደ መተማ ቢሄድ የወሎ መሬቱ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ደቡብ ወሎ ከአባታችን የወረሰው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት አለው። ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነው። ኑሮ ስለጠበበው ወደ መተማ ሄጄ ሰሊጥ ላምርት ይላል። እዚያ አንድ ሰው በመንደር ውል ሁለት ሄክታር ሊሸጥለት ተስማምቷል። ለቀብዱ ብሎ የወሎውን መሬት ሊሸጥ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ይደውሉለት። ቀብድ እንዳይከፍል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ወንድምዎ የራሱን መሸጥ አይችልም፤ ያ ሰውም ሊሸጥለት አይችልም። ሽማግሌ ቢቀመጥበት፣ አሥር ምስክር ቢፈርምበት ውሉ ፈራሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል። ገንዘቡን የበላውን ሰው ፈልጎ ማስመለስ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የመሄድ ሐሳቡን አልነቅፍም። በ1987 ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር፤ በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። የአባት መሬት ግን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተቆራረሰ ያንሳል። ሰው ቀዬውን የሚለቀው ወዶ ብቻ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል፤ ብዙው ተገድዶ ነው። በ1995 የተጀመረው ሰፈራ በፈቃደኝነት፣ በየክልሉ ውስጥ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሰፋሪው ትቶት የሄደው መሬትም ለ3 ዓመት ይጠበቅለት ነበር። ይህ ዋስትና ግን በፕሮግራሙ ተመዝግቦ ለሄደ ሰው ነው። በራሱ ለሚሄደው ወንድምዎ አይሠራም።

ወንድምዎ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የፈለገበት ሄዶ የመኖር መብት አለው። መኖርና መሬት መያዝ ግን ለየቅል ናቸው። መሬት የሚሰጠው የመንግሥት የመሬት አስተዳደር ነው። «ባዶ ነው» የሚባለው ጫካ የነባሩ ነዋሪ ግጦሽ ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል ደግሞ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። መጀመሪያ አንድ ክረምት መተማ ላይ መሬት ተከራይቼ አርሳለሁ። ኪራይ ሕጋዊ ነው፤ ብቻ በጽሑፍ ይሁን፣ በወረዳው መሬት አስተዳደርም ይመዝገብ። የሚያከራየው ሰው የይዞታ ደብተሩን ያሳይ። እንቢ ካለ ይተወው።

የወሎው መሬት ደግሞ ጦም እንዳያድር። በተከታታይ ዓመታት ያለ በቂ ምክንያት ያልታረሰ መሬት ሊነጠቅ ይችላል። ባለቤቱ ትረስ፣ አለዚያም በተመዘገበ ውል ያከራዩት ወይም በእኩል ያሳርሱት። ደብተሩ ላይ ስሟ አብሮ ካለ መሬቱ የእሷም ነው። ያለ እሷ ፈቃድና ፊርማ ማከራየትም አይችልም። ይህን ጠንከር አድርገው ይንገሩት። ባል ቆላ ወርዶ ሲቀር ሚስት ከነልጆቿ መሬት አልባ ስትሆን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቀብዱን ከፍሎ ከሆነም የባንክ ደረሰኙንና የውሉን ወረቀት እንዳይጥል። ኮፒውን ይላኩልኝ፤ ክሱን አብረን እናያለን።