ጫቱን ከተወ በኋላ ደስታ ለምን ራቀው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ለዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ይቅም ነበር። ከሁለት ወር በፊት በራሱ ፈቃድ አቆመ። አሁን ከአልጋው መነሳት ተስኖታል፤ ይወደው የነበረው እግር ኳስ እንኳ አያጓጓውም። ድብርቱን ያመጣበት ጫቱ ነው ወይስ ድሮም ድብርት ስለነበረበት ነው ወደ ጫት የሄደው? «ዱካክ ነው፣ ያልፋል» የሚሉን አሉ።
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኔም በጀማሪ ተመራማሪነቴ የማጠናው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አስቀድሜ ግን ወንድምዎ ሰነፍ እንዳልሆነ መናገር እፈልጋለሁ። በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር፣ እንደ አምፌታሚን ያለ አነቃቂ ዕፅ ሁሉ፣ የአንጎል ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘ ኬሚካል በብዛት እንዲለቁ ያደርጋል፤ ምርቃናም በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። በሌሎች አነቃቂ ዕፆች እንደታየው፣ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም አንጎል ለዶፓሚን የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳል፤ ዕፁ ሲቀር ደግሞ የቀነሰው ምላሽ ቶሎ ስለማይመለስ ኳሱም፣ ቡናውም፣ ጨዋታውም ጣዕም ያጣሉ።

በዚህ ሙያ ደስታ ማጣትን ለመለካት ከምንጠቀምባቸው መፈተኛዎች አንዱ ለአይጥ ሁለት ጠርሙስ ማቅረብ ነው፤ በአንዱ ውኃ፣ በሌላው በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ይሞላል። ጤነኛዋ አይጥ ስኳሩን ትመርጣለች። አነቃቂ ዕፅ ለምዳ የተከለከለችውም፣ ለረጅም ጊዜ በጭንቀት የቆየችውም ይህ ምርጫቸው ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ደስታ ማጣቱን ብቻ አይቶ የትኛው እንደቀደመ መለየት አይቻልም።

ሐኪሞችን የሚረዳቸው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጥናታቸው ተመራማሪዎቹ ሳንድራ ብራውን እና ማርክ ሹኪት በአሜሪካ የአልኮል ሱስ ያለባቸውን 191 ወንዶች ተከታትለው ነበር፤ ሕክምና ሲጀምሩ 42 በመቶዎቹ ጉልህ የድባቴ (የድብርት ሕመም) ምልክት የነበራቸው ሲሆን ከአራት ሳምንት በኋላ ግን 6 በመቶዎቹ ብቻ ቀሩ። አልኮልና ጫት አንድ ባይሆኑም፣ ከወር በላይ የዘለቀ ድባቴ ራሱን ችሎ መታከም እንዳለበት በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። ዱካክ የሚባለው ቅዠት ደግሞ በአብዛኛው ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከሁለት ወር በኋላ «ያልፋል» የሚለውን ምክር አልቀበልም።

በዚህ ሳምንት ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ሌላ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይውሰዱት። መቃም ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቅ እንደነበር፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩን፣ በተለይም ለጨብሲ ይጠጣ የነበረውን አልኮል ቀጥሎበት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። መጠጡን ብዙዎች ይረሱታል፤ እርሱ ካልቆመ ግን ድባቴውን ማከም እጅግ ይከብዳል። ስለ መሞት ካነሳ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻውንም አይተዉት።