መልስ፦ ፌኖባርቢታል እንቅልፍ ካበዛባት ላቁምላት ወይ?

እህቴ፣ ከቡሬ የጻፍሽውን አነበብኩት። ልጅሽ ለሚጥል በሽታ የታዘዘላት ፌኖባርቢታል እንቅልፍ ስላበዛባት፣ ጠበል ስትገባ ላቁምላት ወይ ብለሻል። እባክሽ በድንገት እንዳታቆሚባት! ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊነሳ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። እኛ ጎጃም ውስጥ ጠበልና ኪኒን አብረው አይሄዱም የሚል ብዙ ሰው አለ። ይሄዳሉ። ትጠመቅ፣ ኪኒኗንም ትዋጥ። ስትጠመቅ ብቻ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ይኑር፣ ውሃ ላይ ከጣላት አደጋ ነው።

እንቅልፉ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። በቀን አንዴ ከሆነ የታዘዘላት፣ ማታ ስትተኛ መስጠት ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። መጠኑን ግን ራስሽ አትቀንሺ። ሽፍታ ከወጣባት፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር፣ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጃት።