እናታችሁን ለዓይን ኦፕሬሽን ስታመጡ

እናቱን ለዓይን ሕክምና ወደ አሜሪካ የሚያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ሞራው ብቻ ነው። ሞራው ይገፈፋል፣ ሌንስ ይገባል፣ በቃ። ሐኪሙ «ግላኮማም አለባቸው» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግላኮማ ብዙ ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለው ፈሳሽ ግፊት የተነሣ የማየት ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው። ሞራ የጋረደው ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደው አይመለስም፤ ትግሉ የቀረውን ለማቆየት ነው። ይህን ለእናታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት ይቻላል። ግን እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቁ፤ መንገዱ አንድ አይደለም።

ግላኮማው ለገፋበት ሰው ከሞራው ጋር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ትራቤኩሌክቶሚ ነው። በላይኛው ቆብ ሥር፣ በዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ትንሽ መውጫ ይከፈትና በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በስሱ ሽፋን ሥር ይወጣል። ግፊቱን በደንብ ያወርዳል። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለሳምንታት መመላለስ አለ፤ ግፊቱ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ይጠበቃል፣ ካስፈለገም ሐኪሙ ስፌቱን ያላላል። ስለዚህ ሐኪሙ «አሁን መሄድ ይችላሉ» ሳይል የመመለሻ ቲኬት አትቁረጡ። በዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው።

ቀለል ላለ ወይም መካከለኛ ግላኮማ ደግሞ አይስተንት አለ። ፈሳሹን የምታስወጣ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን የታይታኒየም ቱቦ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ከሞራ ኦፕሬሽን ጋር እንድትገባ የተፈቀደው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ማገገሙ ከተራ የሞራ ኦፕሬሽን ብዙም አይለይም። ግፊት የምታወርደው ግን ከትራቤኩሌክቶሚ ያነሰ ነው። የዓይኑ ፍሳሽ መውጫ ማዕዘን የጠበበባቸው ሰዎች ጉዳይ ለብቻው ነው፤ አንዳንዴ ሌንሱን ማውጣቱ ብቻ ማዕዘኑን ይከፍተዋል።

ትራቤኩሌክቶሚ የተሠራ ዓይን ዕድሜ ልኩን ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። እናታችሁ ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ውሃ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ፣ ዓይናቸውንም እንዳያሹ አደራ በሏቸው። ስግደቱን መቼ መጀመር እንደሚችሉ ሐኪሙን ጠይቁላቸው። ዓይናቸው ከቀላ፣ ካመመ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ይታዩ።

ሲመለሱ የኦፕሬሽኑን ሪፖርት፣ የግፊታቸውን ቁጥርና የጠብታዎቹን ዝርዝር በወረቀት አስይዟቸው። ስቴሮይድ (የዓይንን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ካለ የሚቆምበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ከቆየ ራሱ ግፊት ሊጨምር ይችላል።