ስለ ብጉር ጠይቁኝ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ግን ራሴ ለዓመታት ፊቴን በብጉር የተፈተንኩ ሰው ነኝ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ፊቴ ወዛም ነው። በቀን አራቴ በሳሙና እታጠባለሁ፣ ብጉሩ ግን ባሰበት።

መ፦ እህቴ፣ መታጠቡን ቀንሺው። ጠዋትና ማታ ይበቃል። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም። ወዝና የሞተ ቆዳ ቀዳዳውን ሲደፍኑት፣ ውስጡ ባክቴሪያ ሲራባ ነው የሚያብጠው። በሳሙና ስትፈትጊው ቆዳሽ ይቆጣል እንጂ አይሻለውም።

ጥ፦ ታዲያ በየቀኑ ምን እንቀባ?

መ፦ ጠዋት በለስላሳ ማጠቢያ ታጠቡ፣ ዘይት የሌለው ሎሽን፣ ከዚያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ሰንስክሪን)፣ ቱቦው ላይ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል። ማታ ታጥባችሁ ፊታችሁ በደንብ ሲደርቅ አዳፓሊን 0.1% የሚባለውን የብጉር ቅባት። የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አታድርጉት፤ ሥራው ገና ያልወጣውን መከላከል ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ጀምሩ፣ ያደርቃልና። አሜሪካ ያላችሁ ከ2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ታገኙታላችሁ። መግል የያዘ ብጉር ካለ ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ ቅባት ጨምሩ። እሱ ግን ጨርቅ ያነጣል። የእህቴን ባለ ጥለት ነጠላ ያበላሸሁት በእሱ ነው፣ እስከዛሬ ታነሳብኛለች።

ጥ፦ ሦስት ሳምንት ተቀባሁ። ምንም ለውጥ የለም፣ እንዲያውም ጨመረ።

መ፦ ገና ነህ ወንድሜ። መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ታገስ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ሊሠራለት ሲል ነው።

ጥ፦ እኔን ግንባሬ ላይ ብቻ ነው የሚወጣብኝ።

መ፦ ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?

ጥ፦ ቅቤ። አንዳንዴ ቫዝሊን።

መ፦ ያው ነዋ! ቅባቱ እየቀለጠ ግንባርሽ ላይ ይወርዳል። ቅቤውን ተይው አልልሽም፣ ከግንባርሽ ግን አርቀሽ ተቀቢ። ሻሽሽንም ቶሎ ቶሎ እጠቢው።

ጥ፦ ጓደኛዬ የሰጠችኝ ክሬም በአምስት ቀን አጠፋልኝ። ስተወው ተመለሰ።

መ፦ ቱቦው ላይ ያለውን አንብቢ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ካለበት ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ የቆዳ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፣ ያቀላል። ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ራሱ ብጉር ያመጣል። እንዲህ ተጎድተው የሚመጡትን ሳይ በጣም ያናድደኛል። ረዘም ላለ ጊዜ ከተቀባሽው ደግሞ በራስሽ በድንገት አታቁሚው፣ የቆዳ ሐኪም ያስቁምሽ።

ጥ፦ ሎሚና የጥርስ ሳሙናስ?

መ፦ ሎሚው ለሰላጣ፣ ሳሙናው ለጥርስ።

ጥ፦ ብጉሩ ጠፋ፣ ጥቁር ምልክቱ ግን አልለቅ አለኝ።

መ፦ የእኛ ቆዳ ላይ ከብጉሩ ይልቅ እሱ ነው የሚያስቸግረው። በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ግን ፀሐይ መልሳ ታጠቁረዋለች። ሰንስክሪኑን ያለማቋረጥ ተጠቀም። አዜላይክ አሲድ የሚባለው ቅባትም ይረዳል። ማፍረጥ ደግሞ የለም፤ ምልክቱን የሚያመጣው አንዱ እሱ ነው።

ጥ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ።

መ፦ እንኳን ደስ አለሽ። አዳፓሊኑን አቁሚ። አዜላይክ አሲድ ይሻልሻል፣ ለሐኪምሽ ንገሪው። ኢሶትሬቲኖይን የሚባለውን የከባድ ብጉር ክኒን ግን በፍጹም፤ ፅንስ ይጎዳል።

ጥ፦ ሐኪም ጋ የሚኬደው መቼ ነው?

መ፦ ጠልቆ የሚያምም እብጠት ካለ፣ ጠባሳ ከጀመረ፣ ወይም ሦስት ወር ተቀብቶ ለውጥ ካልመጣ። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ።

ጥ፦ ፆም ሲገባ ፊቴ ይጠራል። እውነት ነው ወይስ ይመስለኛል?

መ፦ ሊሆን ይችላል። ወተት አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያባብሳል። ስኳርም እንዲሁ። ለስላሳውን ግን በፆምም አትተወውም አይደል?